የዋልካ ንጣፎችና የስሜን ውርጭ

ደባርቅ ላይ ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር



ዛሬ የማወራችሁ በክረምት ጫማ ስለሚያስወልቀው ዋልካና በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ሰብል ስለሚመታው ውርጭ ነው። ሁለቱንም ከእኔ ይበልጥ ታውቋቸዋላችሁ። እኔ የማክልበት አንድ ነገር ነው፤ ጭቃና ውርጭ ሲገናኙ የሚሠሩትን ሥራ ዛሬ በስዊድንም በአሜሪካም ያሉ ተመራማሪዎች በብዙ ድካም እየሠሩት ይገኛሉ። በእነሱ አጠራር ሥራው የተነባበሩ ናኖ ቁሶችን ቀላልና ጠቃሚ ወደሆነ አካል መለወጥ ነው። ስሙ ቢከብድም ነገሩ ለዚህ አገር ሰው ባዳ አይደለም።

ከድንጋዩ ልጀምር። ስሜን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የከመረው ተራራ ነው። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ገደሉ ደረጃ በደረጃ መሆኑን ያስተውላል፤ እርከኑ አንዱ በሌላው ላይ እየፈሰሰ የረጋ ባዛልት ነው። ያ ድንጋይ በዝናብና በዘመን ብዛት ሲበሰብስ አፈር ይሆናል፤ ታዲያ ከአንዱ ድንጋይ ጠባያቸው የማይገናኝ ሁለት አፈሮች ይወለዳሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ በግጭና በዙሪያው ያለውን ጥቁር አፈር በእፍኝ ብታነሡት ይቀላችኋል። የአፈር አጥኚዎች አንዶሶል ይሉታል። እንዲህ ያለው አፈር ሲደርቅ አንድ ሊትሩ ከ900 ግራም በታች ይመዝናል፤ የተሠራበት ማዕድን ያለ ቀዳዳ ተጠቅጥቆ ቢሆን ኖሮ ያው አንድ ሊትር ከሁለት ኪሎ በላይ በመዘነ ነበር። ልዩነቱን የያዘው ባዶ ቦታ ነው። ማዕድኑ ራሱ በዓይን ቀርቶ በተራ ማጉያ መነጽር የማይታዩ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆኑ ጥቃቅን ኳሶች ስብስብ ስለሆነ አየርና ውሃ እንደ ልብ ያድሩበታል።

ዝቅ ብሎ፣ ውሃ በሚተኛበት ሜዳ፣ በወገራም በደምቢያም፣ ያው ባዛልት ዋልካ ይሆናል። ዋልካ ከባድ ነው፣ ያጣብቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍን ይገመታል። አርሶ አደሩ ጠባዩን አውቆ ዝናቡ እስኪቀል ይጠብቅና ሽምብራውን በቀሪው እርጥበት ይዘራበታል። መንገድ ሠሪው ግን ይፈራዋል፤ አስፋልት ያነሣል፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል።

ይህ ሁሉ ጠባይ የሚመጣው ከውስጡ አሠራር ነው። የዋልካ ዋና ማዕድን ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ዓይነት ነው። ስሜክታይት በንጣፍ በንጣፍ የተነባበረ ነው፤ የአንዱ ንጣፍ ውፍረት አንድ ናኖሜትር ያህል፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ወርዱ ግን ከውፍረቱ መቶ እጥፍ፣ አንዳንዴም ሺህ እጥፍ ይሆናል። እያንዳንዱ ንጣፍ ጥቂት አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው በንጣፎቹ መካከል ካልሲየምና ሶዲየም ገብተው ያያይዟቸዋል። ውሃ ሲመጣ እነሱን ተከትሎ ይገባል፤ ንጣፎቹን ያራርቃል፤ መሬቱ ያብጣል። በጋ ሲመጣ ውሃው ይወጣል፤ ንጣፎቹ ይጠጋጋሉ፤ መሬቱም እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አንድ ግራም ንጹሕ ስሜክታይት ንጣፎቹ ሁሉ ተላቀው ጎን ለጎን ቢዘረጉ ከ700 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ዋልካ ማሳ ላይ የሚሄድ ሰው እንግዲህ የሚረግጠው ይህን ነው።

የተነባበረ ቁስ ሲባል ሸክላ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን የሚጽፉበት እርሳስ ውስጡ ግራፋይትና ሸክላ ተደባልቆ ነው፤ ሁለቱም የተነባበሩ ናቸው። ግራፋይቱ ወረቀት ላይ ምልክት የሚተወው ንጣፎቹ እየተላቀቁ ስለሚቀሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ተራ ፕላስተር ግራፋይት ላይ እየለጠፉና እያነሡ የአንድ አተም ውፍረት ያለው ንጣፍ ለይተው አወጡ፤ ግራፊን ተባለ። በ2010 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ከዚያ ወዲህ ዓለም ስለ ግራፊን ብዙ አወራ። እኔ ግን ለዚህ ጉባኤ የመረጥኩት ሸክላን ነው፤ ምክንያቱም ሸክላው እዚሁ አለ፣ ርካሽ ነው፣ እሳት አይበላውም።

ንጣፉ ብቻውን ጠንካራ ነው። ይሁን እንጂ ብቻውን ምንም አያደርግልንም፤ ጥቅም ላይ የሚውል ነገር እንዲሆን መጀመሪያ መላቀቅ፣ ቀጥሎ በሥርዓት መደርደር፣ በመጨረሻም ያላቀቀውን ውሃ ሳይፈርስ ማስወጣት ያስፈልጋል። ችግሩ ሁሉ ያለው እነዚህ ሥራዎች ላይ ነው፤ በተለይ የመጨረሻው ላይ።

መላቀቁን እናንተ ከጥንት ጀምራችሁ ትሠሩታላችሁ። ጭቃ ቤት የሚሠራ ሰው አፈሩን ቆፍሮ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ የጤፍ ጭድ በትኖበት ይረግጠዋል። ያኔውኑ ግን አይመርግበትም። ሸፍኖ ያሳድረዋል፤ ጭቃው ይቦካል፤ ይሸታል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፤ ደግሞ ይረገጣል። የቦካ ጭቃ ከእጅ ጋር ይለሰልሳል፣ ማገሩን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ ሲደርቅ እንደ ጥሬ ጭቃ አይሰነጠቅም። ቸኩሎ ያልቦካ ጭቃ የመረገ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ሥራውን እንደገና ይጀምራል። ለምን እንደሆነ ዛሬ እናውቃለን። ውሃው በንጣፎቹ መካከል ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል፤ መርገጡ የተጣበቁትን ያላቅቃል፤ የሚበሰብሰው ጭድ ደግሞ ሙጫ መሰል ነገር ይለቃል፤ ያ ሙጫ በንጣፎቹ ፊት ላይ ተለጥፎ ተመልሰው እንዳይጣበቁ ያግዳቸዋል፣ ሲደርቁም ያስተሳስራቸዋል። ያልበሰበሰው ጭድ እንደ ጅማት ሆኖ ስንጥቅን ይገታል። ሴቶቹ በመጨረሻ የሚለቀልቁት እበትም ሥራው ተመሳሳይ ነው።

ኤድዋርድ አቼሰን የሚባል አሜሪካዊ ይህን ነገር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ደረሰበት። አቼሰን ሰው ሠራሽ ግራፋይትን በኤሌክትሪክ ምድጃ በማምረት የታወቀ ሰው ነበር። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5 ፈርዖን ለእስራኤላውያን ገለባ ከለከላቸው የሚለውን ይዞ፣ ገለባው ለጡብ ምን ያደርግ ኖሯል ብሎ መረመረ። ገለባ የተዘፈዘፈበት ውሃ ሸክላውን እንደሚያላላውና ሲደርቅ እንደሚያጠነክረው አየ፤ ያንን ሸክላ በግብፅ ስም ጠራው። ዳባት ገጠር ውስጥ ጭቃ ሲቦካ አይቶ ቢሆን ኖሮ ብዙ ልፋት ይቀርለት ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጃፓኑ ቶዮታ የምርምር ማዕከል መላቀቁን ወደ ፋብሪካ አመጣው። ናይለን በሚሠራበት ጊዜ በመካከሉ ስሜክታይት እንዲላቀቅ አደረጉ። ከክብደቱ 5 በመቶ እንኳ የማይሞላ ሸክላ የናይለኑን ግትርነት እጥፍ ገደማ አሳደገው፤ ጭነት ላይ ሆኖ የሚለሰልስበት ሙቀት ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 150 ገደማ ወጣ። ከዚህ ናይለን የመኪና ሞተር ክፍል መሸፈኛ ሠሩ። ብረት የነበረው ቦታ ላይ ፕላስቲክ ገባ ማለት ነው፤ መኪናው ቀለለ። ሸክላው ሳይላቀቅ በዱቄትነቱ ብቻ ቢደባለቅ ግን ይህ ውጤት አይገኝም ነበር።

ስለ መደርደር ስናነሣ ወለቃን ማንሣት ግድ ይሆናል። ከጎንደር ወደ ዳባት ስትወጡ መንገድ ዳር የምታገኟት መንደር ናት። የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ የሚሠሩባት መንደር ነበረች፤ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም ሸክላው አልቀረም። ምጣድ የምትሠራ ሴት ጭቃው ግማሽ ሲደርቅ ለስላሳ ጠጠር ይዛ ፊቱን ደጋግማ ትፈትገዋለች። ፊቱ ያበራል። የሚያበራው ንጣፎቹ ተኝተው አንድ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለተደረደሩ ነው፤ በየአቅጣጫው የቆመ ንጣፍ ብርሃን ይበትናል፣ የተኛ ንጣፍ ግን ብርሃን ይመልሳል፣ ውሃም በቀላሉ አያሳልፍም። ከዚያ ምጣዱ ተተኩሶ በጎመን ዘር ሲታሽ እንጀራው አይያያዝም። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የኒኮላስ ኮቶቭ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ሥራ በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ ስሜክታይትንና ሙጫ መሰል ፖሊመርን አንድ ንጣፍ አንድ ሙጫ እያደረጉ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ደረደሩና፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ጥንካሬው ከተራ ብረት ጋር የሚወዳደር ስስ ገለፈት አወጡ።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝን ልናገር። ይህን እውቀት በእጃቸው ይዘው የኖሩ ሰዎች በአገራችን ቡዳ እየተባሉ ተንቀው ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በላይ ኖረ። ጠጠር ይዛ ምጣድ የምትፈትግ እናት የቁስ ሳይንስ ባለሙያ ናት። ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ የጎንደሩም የደባርቁም፣ እሷን ቤተ ሙከራቸው ውስጥ አስገብተው ቢጠይቋት ብዙ ያተርፋሉ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ፤ ውሃውን ማስወጣት። ንጣፎቹ ውሃ ውስጥ ተላቀው ይንሳፈፋሉ፤ ውሃው ሲተን ግን በመካከላቸው የቀረው ጠብታ ሁለቱን ወገን እየሳበ ያቀራርባቸዋል። የሚስበው የውሃው ገጽታ ውጥረት ነው፤ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ጉልበቱ ይበረታል፤ ናኖሜትር ሲደርስ ግዙፍ ይሆናል። ዝናብ የመታው መጽሐፍ ሲደርቅ ገጾቹ ተጣብቀው እንደ ጣውላ እንደሚሆኑት ንጣፎቹም ተመልሰው አንድ ድንጋይ ይሆናሉ። ዋልካ በበጋ የሚሰነጠቀው በዚሁ ስበት ነው። ቀላል የነበረው የስሜን አፈርም ከዚህ አያመልጥም፤ አንዶሶል ፈጽሞ ከደረቀ ውሃ የመያዝ ችሎታውን መልሶ አያገኝም፤ ጓሳው ተነቅሎ ለፀሐይ የተጋለጠ አፋፍ የሚያጣው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ስቲቨን ኪስለር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1931 የመጀመሪያውን ኤሮጄል፣ ማለትም ፈሳሹ ወጥቶ አየር የተካው ቀላል ጠጣር፣ ሲያሳትም ከስበቱ በሙቀትና በከፍተኛ ግፊት አመለጠ፤ ፈሳሹን ፈሳሽም ጋዝም ወደማይባልበት ሁኔታ አድርሶ አስወጣው። ውጤቱ ግሩም ነበር፤ መሣሪያው ግን ውድና አደገኛ ነው። ሌላው መንገድ በበረዶ በኩል ያልፋል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ፣ ከሰንቃበር በላይ ባለው እርጥብ መንገድ የሚሄድ ሰው ከእግሩ ሥር የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ይሰማል። ጎንበስ ብሎ ቢያይ የአፈሩ ቅርፊት ከመሬት ተነሥቶ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ እንደ መርፌ የቆሙ ቀጫጭን በረዶዎች ተሸክመውታል። መርፌዎቹ የሚያድጉት ከላይ ወደ ታች አይደለም፤ ውሃው ከአፈሩ ውስጥ ወደ ቀዝቃዛው ፊት እየተሳበ ከሥር እየረጋ ይገፋቸዋል። በረዶ ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚያድገው። የውሃ ሞለኪውሎች በሥርዓት ሲሰለፉ ባዕድ ነገር አያስገቡም፤ ጨውም ሸክላም ወደ ጎን ይገፋል። ስለዚህ በመርፌዎቹ መካከል ያለው ጭቃ ተጨምቆ ስስ ግድግዳ ይሆናል፤ በግድግዳው ውስጥም ንጣፎቹ ተኝተው ይደረደራሉ። ቤተ ሙከራ የሚለፋበትን ሥራ ውርጩ ለብቻው ሠርቶታል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ትወጣለች፤ በረዶው ይቀልጣል፤ ውሃው ግድግዳውን መልሶ ይስበዋል፤ ቅርፊቱ ፈርሶ ተዳፋቱን ይንሸራተታል። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ማብቂያ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ ሆነው የሠሩት የስዊስ ጂኦግራፈር ሃንስ ሁርኒ የስሜን ከፍታ ቅዝቃዜና አፈሩ ስላላቸው ግንኙነት በሰፊው ጽፈዋል፤ ውርጩ አፈር እያነሣ ለጎርፍ እንደሚያዘጋጅም የአገሩ ሰው ያውቃል።

ቤተ ሙከራው ከተራራው የሚለየው አንድ ነጥብ ላይ ነው፤ በረዶው እንዲቀልጥ አይፈቅድለትም። የተላቀቀው ሸክላ በውሃ ተበጥብጦ ከሥሩ በሚቀዘቅዝ ሳህን ላይ ይቀመጣል። በረዶው ከታች ወደ ላይ እየቆመ ያድጋል። ቶሎ ከቀዘቀዘ ግድግዳዎቹ ስስና የተጠጋጉ፣ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ወፍራምና የተራራቁ ይሆናሉ፤ ባለሙያው የሚፈልገውን የሚመርጠው በቅዝቃዜው ፍጥነት ነው። ከዚያ ዕቃው ተዘግቶ አየሩ ይመጠጣል። ግፊቱ ከባሕር ጠለል የአየር ግፊት ከመቶ አንድ እጅ በታች ሲወርድ በረዶ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ይተናል፤ ፈሳሽ ከሌለ ስበት የለም፤ ግድግዳዎቹም እንደቆሙ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በካሊፎርኒያ ሎረንስ በርክሊ ቤተ ሙከራ የነበሩት ሲልቫን ዴቪልና ባልደረቦቹ የባሕር በረዶ ጨውን ከሚተፋበት መንገድ ተነሥተው ይህ ዘዴ ለሴራሚክ እንደሚሠራ አሳዩ።

በክሊቭላንድ ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ሺራልዲ ከስሜክታይት የሠሩት አረፋ የዚሁ ውጤት ነው። አንድ ሊትሩ ከ50 እስከ 100 ግራም ይመዝናል። ለምን ቢባል፣ ከብጥብጡ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የነበረው ውሃ ነው፤ አሁን ቦታውን አየር ይዞታል። ሸክላው ብቻውን በእጅ ሲነኩት ስለሚፈርስ ማያያዣ ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ካወጧቸው ሥራዎች በአንዱ ማያያዣው ኬዚን ነበር፤ ይኸው አይብ የሚረጋበት የወተት ፕሮቲን። የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ከእንጨት የወጣ ናኖ ሴሉሎስ፣ ግራፊን ኦክሳይድና ሴፒዮላይት የተባለ ጭረት መሰል ሸክላ አዋሕደው በበረዶ ቀረጹት። ያገኙት አረፋ ሙቀት የሚያስተላልፈው የተለመደው ነጭ ፎም ከሚያስተላልፈው ግማሽ ያህል ነው፤ እሳት ሲነካውም አይንበለበልም።

ይህ ለደባርቅ ምን ያደርጋል? የሣር ክዳን ቤት ሙቀት ይይዝ ነበር። ቆርቆሮው ዝናብ አያስገባም፣ ሙቀት ግን አይዝም፤ በጥር ሌሊት ከተማችን 2,850 ሜትር ላይ ሆና የምታሞቀውን ሁሉ በጣራዋ ታስወጣዋለች፤ ያንን ለመተካትም ማገዶ ከጫካው ይወርዳል። ከቆርቆሮው ሥር የሚገባ ቀላል፣ የማይቃጠል፣ ከአገር አፈር የተሠራ ሰሌዳ ቢኖር ጥቅሙ ግልጽ ነው። ምጣድ ዙሪያውን ሙቀት እንዳያባክን ለመሸፈንም ይሆናል።

ሥራው ግን ዋልካ አምጥቶ ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም። ዋልካ አሸዋና ደለል፣ የብረት ዝገትና ብስባሽ የተቀላቀለበት ነው፤ በውሃ በጥብጦ ደጋግሞ በማጥለል ስሱን ክፍል መለየት ይቀድማል፤ ይህን ማንም ትምህርት ቤት በባልዲ ሊጀምረው ይችላል። ቀጥሎ፣ የደጋው ስሜክታይት አብዛኛው ካልሲየም የያዘ ነው፤ ካልሲየም ንጣፎቹን አጥብቆ ስለሚይዝ በደንብ አይላቀቁም፤ በሶዲየም መተካት አለበት። ለዚህ የሚሆነው ሶዳ አሽ ከአብጃታ ሐይቅ ሲመረት ኖሯል። ከሁሉ የሚከብደው አየር መምጠጡ ነው፤ ኤሌክትሪክ ይበላል። እሱን ለመቀነስ አንዳንድ ተመራማሪዎች የረጋውን ዕቃ በቀዘቀዘ ኤታኖል ውስጥ ነክረው በረዶውን በአልኮል ይተኩታል፤ አልኮል የገጽታ ውጥረቱ ከውሃ ሲሶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሲተን ግድግዳውን እምብዛም አይጎትትም። ኤታኖል በፊንጫና በመተሃራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ሲመረት ቆይቷል። በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለ፤ ከዚህ የሚላክ የዋልካ ናሙና ንጣፉ ምን ያህል እንደተላቀቀ በኤክስሬይ መርምረው ሊነግሩን ይችላሉ።

ወጣቶች አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የደረቀ ሸክላ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። መፍጨትና መቁረጥ የሚሠራው አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ነው።

የቀረው ከባድ ጥያቄ እርጥበት ነው። ሸክላውም ኬዚኑም ውሃ ይወዳሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከሊማሊሞ ወጥቶ ከተማዋን ሲሸፍን አረፋው እርጥበት ስቦ ሊከብድና ሊልም ይችላል። ውሃ የሚገፋ ስስ ቅብ ያስፈልገዋል፤ ሰም ይሁን፣ የኑግ ወይም የተልባ ዘይት ይሁን፣ በሙከራ የሚለይ ነው። የተልባ ዘይት አየር ሲነካው ስለሚደርቅ እኔ ከእሱ ብንጀምር እመርጣለሁ። አንድ ክንድ የሚሆን ሰሌዳ፣ ግማሹ የተቀባ ግማሹ ያልተቀባ፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ ተመዝኖ ከቆርቆሮ ሥር ይሰቀል፤ በየሳምንቱ ይመዘን፣ በእጅም ይጫን። መስከረም ላይ ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ።